አጎዋ ሲታገድ የተቀጣው ማን ነው?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)
የተከበራችሁ አንባብያን፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ብዙ ምርቶችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ተጠቃሚነት እንደምትታገድ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ነበር። እገዳው ታኅሣሥ 23 ሥራ ላይ ሲውል ግን ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰው ተኩስ ባዘዘው ሹም ላይ ሳይሆን በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ በምትሰፋው ልጅ ላይ ይመስለኛል። ያለ ቀረጥ ይገባ በነበረ የጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ ቀረጥ ሲጣል ገዢው ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ማዞሩ አይቀርም። ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም ወይ?

መልስ (ከሐዋሳ)
በፓርኩ ሠርቻለሁ። የሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በ2011 ዓ.ም. ገደማ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፤ ብዙዎቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ትእዛዝ ሲቀንስ ወደ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ወዲያው ይቋረጣል። ሆኖም ሁሉንም በእገዳው ማመካኘት ትክክል አይደለም። የካልቪን ክላይን ባለቤት ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ኅዳር 2014 ላይ፣ እገዳው ገና ሳይጀምር ነው፤ የጠቀሰውም የጦርነቱን መባባስ ነበር።

መልስ (ከመቐለ)
ጠያቂው ስለ ሐዋሳ ሠራተኞች ያላቸውን ሐዘኔታ እጋራለሁ፤ ነገር ግን በዓድዋ የነበረው አልመዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጦርነቱ ተዘርፎ ሲወድም፣ እዚያ ይሰፉ የነበሩት ሴቶች እንጀራቸውን ያጡት በአሜሪካ ቀረጥ አልነበረም። ባንክና ስልክ ተዘግቶብን፣ በደብተራችን ያለውን የራሳችንን ገንዘብ ማውጣት በተከለከልንባቸው ወራት የውጭው ዓለም ዝም እንዲል የሚመክረን ሰው ምን ዓይነት መፍትሔ እንደያዘ ልንጠይቀው ይገባል። ደግሞም አጎዋ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ተጠቃሚ አገር ከባድ የመብት ጥሰት እንዳይፈጽም በሕጉ ላይ ተጽፏል፤ የአንድ ሰሞን ቁጣ የወለደው ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)
የመቐለው ጸሐፊ ስለ ሕጉ ያሉት እውነት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የመሣሪያው ምርጫ ነው። የመስከረም 2014ቱ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ በግለሰቦችና በተቋማት ላይ በስም ማዕቀብ ለመጣል ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ኅዳር 3 በዚሁ ትእዛዝ የተዘረዘሩት ግን ሁሉም የኤርትራ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ መንግሥትም ሆነ ከሕወሓት ወገን አንድም ስም አልነበረም። በዳዩን በስሙ መጥራት ዲፕሎማሲን ያበላሻል ተብሎ ሲታለፍ፣ ማንም የማይከራከርላት ሰፊ ላይ ክንድን ማበርታት ቀላል ሆነ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በመቶዎች መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ሲያጋልጥ (የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል)፣ ከዋሽንግተን የተሰማው ይመርመር የሚል ጥሪ ነው። በሚቀጥለው ወር ባይደን በኒው ዴልሂ የአልጋ ወራሹን እጅ ጨበጡ።

እኛም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። ሚያዝያ 2010 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሚፈጸመውን የመብት ጥሰት የሚያወግዘውን ኤች አር 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ እዚህ ያለን ብዙዎች ጣልቃ ግቡልን ብለን ለምነን ነበር፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ከመካከላችን ብዙዎቹ ጣልቃ አትግቡ ለማለት «በቃ» የሚል ሰሌዳ ይዘው እዚያው ዋሽንግተን ወጡ።

ጠያቂው
የመቐለው ወንድሜ ስለ አልመዳ ያነሡት ተገቢ ነው፤ ዝም ይባል ግን አላልኩም። አሁንም ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር አለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው እገዳው በታወጀ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ዓመታዊ ግምገማዎች በ2016ም በ2017ም ኢትዮጵያ አልተመለሰችም። እገዳው የሚነሣው የትኛው ግዴታ ሲፈጸም እንደሆነ በጽሑፍ የቀረበ መስፈርት የሚያውቅ ካለ ቢያካፍለን።