ተከታዩ መጽሐፍ፦ የዕፅ አዘዋዋሪውን ወደ ጎጃም ካመጣሁት በኋላ ምን ላድርገው?

የአማርኛ መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በራሴ ወጪ አሳትሜ ነበር። አንባቢዎቹ በአመዛኙ ተማሪዎቼና የሥራ ባልደረቦቼ ቢሆኑም፣ ታሪኩ የሚያበቃው የዕፅ አዘዋዋሪዎቹ አለቃ ሳይያዝ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ላይ አስቁመው «ያ ሰውዬ የት ደረሰ?» የሚሉኝ አሉ። በዚያ መጽሐፍ ኢንስፔክተሩ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል እየተዋጠ የሚያልፍ ኮኬይን ይከታተላል፤ በመጨረሻም ጥቅሎቹን ውጣ የመጣችውን ተጓዥ ይይዛል።

ተከታዩ ታሪክ በ2004 ዓ.ም. የሚፈጸም ሲሆን፣ ኢንስፔክተሩ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ተዛውሯል። ያመለጠው አለቃ ደግሞ የአየሩን መንገድ ትቶ ከመተማ ተነሥቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ይዟል። እስካሁን ሰባት ምዕራፍ ጽፌአለሁ፤ ነገር ግን የጨመርኩት መጠን ብቻ ሆኖብኛል። ኪሎው በዝቷል፣ ጥይቱ በዝቷል፣ ብቸና ውስጥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ተሰብሮ የሚደረግ ብርበራ አለ፣ በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይም የጭነት መኪና ማሳደድ አለ። የመጀመሪያ አንባቢዬ የሆነችው ባለቤቴ ሰባቱንም ምዕራፍ አንብባ ስትጨርስ «ጩኸቱ ጨምሯል፤ ሰውየው ግን የለበትም» አለችኝ። ልክ ነች። ተከታይ ታሪክ ከፊተኛው ሊከብድ የሚችለው በምንድን ነው? በሕጉና በምርመራው አሠራርስ የት የት ተሳስቻለሁ?

ጡረተኛው መርማሪ (ባሕር ዳር)

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። በወንጀል ምርመራ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ቆይቼ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ስለሆንኩ ከብርበራው ልጀምር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 32 ያለ ትእዛዝ መግባት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ሲያስቀምጥ፣ እግር በእግር እየተከታተሉት የሸሸ ሰው ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ሊጠፋ ይችላል የሚያሰኝ በቂ ጥርጣሬ መኖርን ይጠቅሳል።

እኔ ብሆን በሩን አልሰብረውም። ኢንስፔክተሩና ሁለት ፖሊሶች ቤቱን ከበው ጤዛ ላይ ተኝተው ይንጋ። ሊነጋ ሲል ከጣሪያው ጢስ ይወጣል፤ ቁርስ እየተዘጋጀ ይሁን ማስረጃ እየተቃጠለ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ቢገባ ነገ በመስቀለኛ ጥያቄ «ጢስ አይተህ ነው የሰው ቤት የሰበርከው?» ይባላል፤ ባይገባ አመድ ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰዓት ይጀምራል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ግን አይቆጠርም። መርማሪው ተጨማሪ ጊዜ ቢጠይቅ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚፈቅድለት ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ዕፅ የያዘ መርማሪ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥይት ሳይሆን በሚዛን ነው። በአንድ ጣቢያ በነበርኩበት ጊዜ በክረምት ወር በጆንያ የተጫነ ካናቢስ ያዝን፤ የራሳችን ሚዛን ስላልነበረን ከነጆንያው በአንድ የጤፍ ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣነውና ኪሎውን መዝገብ ላይ ጻፍን። ቅጠሉ ግን እርጥብ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ደርቆና ከጆንያው ወጥቶ ላቦራቶሪ ሲመዘን በጣም ቀለለ፤ ተከላካይ ጠበቃውም ብድግ ብሎ «ቀሪው የት ገባ?» ሲል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ተከሳሹ በነፃ ተሰናበተ፤ እኛ ግን ለወራት የሌብነት ጥርጣሬ ተሸክመን ዞርን። ስለዚህ ሁለተኛውን መጽሐፍ የመጀመሪያው ድል ፍርድ ቤት ውስጥ ሲፈርስ ቢጀምሩት ምን ይመስልዎታል? ኢንስፔክተሩ ከተጓዧ የወጡትን ጥቅሎች ከነመጠቅለያቸው አስመዝኖ «ከነመጠቅለያው» ብሎ ሳይጽፍ ቀርቷል እንበል፤ ላቦራቶሪው የተጣራውን ክብደት ሲያመጣ ልዩነቱ በእሱ ኪስ ይፈለጋል። እንዲህ ከሆነ ወደ ጎጃም መዛወሩም ዕድገት መሆኑ ይቀራል።

የጭነት ሹፌር (ቡሬ)

ስለ ሕጉ አላውቅም፤ መንገዱን ግን አውቃለሁ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት ሁለት መንገዶች፣ በቡሬና ደብረ ማርቆስ የሚመጣውም በሞጣና ብቸና የሚዞረውም፣ ደጀን ላይ ይገናኛሉ። አገሩን የሚያውቅ አዘዋዋሪ ሁለቱም ጫፎች በአንድ ኬላ ወደሚታሰሩበት ቦታ አይሄድም፤ ከቡሬ ታጥፎ በነቀምቴ በኩል ዓባይን ይሻገራል እንጂ። ማሳደድ የተባለውም አይሆንም። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ ስለሆነ፣ ጭነት የያዘ ሹፌር በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ካልወረደ ፍሬኑ ይግልና እምቢ ይለዋል። ፖሊሱ ከታች ሻይ እየጠጣ ቢጠብቀው ይደርስበታል።

የፊልም ወዳጅ (እንጅባራ)

ጡረተኛው አባታችን ያነሡት ሐሳብ አንድ የታወቀ ምሳሌ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውና አምስት የኦስካር ሽልማቶችን ያገኘው «ዘ ፍሬንች ኮኔክሽን» በኒውዮርክ ከተፈጸመ እውነተኛ የሄሮይን ምርመራ የተነሣ ሲሆን፣ በ1975 የመጣው ተከታዩ ግን ፈጠራ ነው፤ በሁለቱም ውስጥ መርማሪውን ሆኖ የተጫወተው ጂን ሃክማን ነው። ተከታዩን ያዳነው የተኩሱ ብዛት አይደለም። መርማሪው ያመለጠውን አለቃ ፍለጋ ቋንቋውን ወደማያውቅባት ወደ ማርሴይ ይሄዳል፤ አዘዋዋሪዎቹ ይዘው ሄሮይን እየወጉ ሱሰኛ ያደርጉትና መልሰው ይለቁታል፤ ከዚያም በፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ሱሱን ሲታገል እናያለን። ይህን ባየሁ ቁጥር ሌባሻይ ትዝ ይለኛል፤ አያቶቻችን ሌባ ለማግኘት ልጅን መድኃኒት አጠጥተው ያሰማሩ ነበርና፣ በዕፅ የናወዘ ፈላጊ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

የእርስዎ ኢንስፔክተር ችግር ግን ተቃራኒው ነው። የፊልሙ ሰው የማያውቀው አገር ገብቶ ተቸገረ፤ የእርስዎ ደግሞ ሁሉም ወደሚያውቀው አገር ተመልሶ ይቸገራል። አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣ ይዞ ጥግ ላይ መቆም ይችላል፤ እዚህ ግን ሦስት ደቂቃ ሳይቆም አንዲት እናት መጥተው «የእገሌ ልጅ አይደለህም ወይ? እናትህ እንዴት ናት?» ብለው እጁን ይዘው ይስሙታል። አለቃውም ያን ጊዜ ከማዶ ሆኖ ያያል። በዚህ ላይ ጠቋሚው የአክስቱ ልጅ፣ ተጠርጣሪው የክርስትና አባቱ ቢሆንስ?

ፋርማሲስቷ (ፍኖተ ሰላም)

በሙያዬ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የሱስ መላቀቅን ይመለከታል፤ መምህሩ ይህን መንገድ ከመረጡ ኢንስፔክተሩን በአንድ ሌሊት እንዳያድኑት እለምናለሁ። ከሄሮይን የተለየ ሰው ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ባሉት ከ8 እስከ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይከፋና ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ምልክቶቹም ክብር የሚነሡ ናቸው፤ ማዛጋት፣ የንፍጥና የእንባ መፍሰስ፣ ላብ፣ የፀጉር መቆም፣ ቁርጠትና ተቅማጥ። ሰውየው በጀግንነት ጥርሱን ነክሶ ሲጮህ ብቻ ከታየ እውነት አይመስልም።

ሁለተኛው ስለ ጭነቱ ነው። ጫትን ለመጠቀም አስበው ከሆነ በአገራችን በሕግ የሚሸጥ ስለሆነ አይሆንም። እኔ ብሆን ኮኬይኑን ለመጀመሪያው መጽሐፍ ትቼ ትራማዶልን እመርጥ ነበር። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ነገር ግን እንደ ሄሮይን ሁሉ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ወገን በመሆኑ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድም እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ (የአደንዛዥ ዕፅ) ስምምነት ሠንጠረዦች ውስጥ ስሙ የለም። ስለዚህ ኢንስፔክተሩ ካርቶን ሙሉ ክኒን ይዞ «ዕፅ ያዝኩ» ሲል፣ ዐቃቤ ሕጉ «በየትኛው አንቀጽ ልክሰስ?» ብሎ ሊመልስለት ይችላል።

የአማርኛ መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓባይ በረሃውን ማሳደድ ዛሬ ጧት ሰረዝኩት፤ ሹፌሩ ወንድሜ እንዳለው ፖሊሱ ከታች ይጠብቃል፣ መኪናው ግን በነቀምቴ መንገድ ስለሄደ አይመጣም። የአክስቱን ልጅም ወስጃለሁ። ፋርማሲስቷ እኅቴ ያነሣሽው የአንቀጽ ጥያቄ ግን ጋሼን ያስቸግር ይሆን?

ጡረተኛው መርማሪ (ባሕር ዳር)

የሚያስቸግር ብቻ ሳይሆን የሚያስኬድ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መርዛማ፣ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ (አእምሮን የሚለውጡ) ንጥረ ነገሮችን ማዘዋወርን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። አለቃውም ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ክኒኑን የመረጠው ትርፉን ብቻ አስቦ ሳይሆን፣ ቢያዝ እንኳ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚያከራክር ነገር እንዲኖረው ነው። በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን መጽሐፍዎን አላነበብኩትም፤ ጥቅሎቹን ማን እንደመዘነ ጽፈው ነበር?

የአማርኛ መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

መጽሐፉን አውጥቼ አየሁት። «ተመዘነ» ብቻ ነው የሚለው።

ጡረተኛው መርማሪ (ባሕር ዳር)

እኛም መዝገባችን ላይ እንዲሁ ነበር የምንጽፈው፤ «ተያዘ፣ ተመዘነ፣ ታሸገ» ብለን። የአማርኛ መምህር ስለሆኑ ያ ግሥ አድራጊው እንደማይታይበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ጠበቃው በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጠይቀው እሱን ይሁን፤ መልሱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ሚዛኑን የያዘው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቆሞ ያየው ኢንስፔክተር።