ስብሰባ ከቀረ ወዲህ አረጋውያን ዘማቾችን እንዴት እናገናኝ? (በኮሮና ጊዜ፣ ሚያዝያ 2012 የተደረገ ውይይት)

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቀድሞ ሠራዊት አባላት መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ 126 አባላት አሉን። ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 ምሥራቅ ግንባር የነበሩ ናቸው፤ ኮሪያ የዘመቱት 6ቱ ግን ሁሉም 85 ዓመት አልፏቸዋል። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 30 ቀን 2012 ከወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ወርሃዊው ስብሰባ ቀርቷል። ስማርት ስልክ ያላቸው 20 አይሞሉም። የቴሌግራም ግሩፑን የሚያዩት ልጆቻቸው ናቸው። በአማርኛ ኤስኤምኤስ ብንልክ ግማሹ “ባዶ ሳጥን ነው የመጣልኝ” አለ። ምን ይሻላል?

የመገናኛ ሰው፦
ሳጥኑ የሚመጣው ብዙ አሮጌ ባለቁልፍ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ነው። የፊደሉ ችግር ባይኖር እንኳ በአማርኛ አንድ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ይገባል። ኤስኤምኤስን ለቀንና ለሰዓት ብቻ ተዉት፣ ያውም በላቲን ፊደል። ዋናው ሥራ በድምፅ ይሁን።

126ን ለ9 ስታካፍሉ 14 ጓድ (መሪውን ጨምሮ ባለ 9 ሰው ቡድን) ይወጣል። እያንዳንዱ ጓድ መሪ 8 ሰው ይደውላል፤ ከኮሚቴው 2 ተረኞች ደግሞ 7፣ 7 ጓድ መሪ ይይዛሉ። አንዱ ለአንዱ እየደወለ የሚሄድበትን ሰንሰለት ግን አትሞክሩት፤ ሦስተኛው ሰው ስልኩን ካላነሣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቀራሉ። ጥሪው በሳምንት 2 ቀን፣ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን። ማታ መደወል ካስፈለገ ደግሞ ረመዳን ስለሆነ ለሙስሊም አባላት በማፍጠሪያ ሰዓት አትደውሉላቸው። ጓድ መሪው እስከ 6 ሰዓት ለተረኛው ሪፖርት ያደርጋል፦ ደኅና፣ ታሟል፣ አልተገኘም። ሌላ ወሬ ሪፖርቱ ውስጥ አይግባ።

“አልተገኘም” የተባለ ሰው በዚያው ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይደወልለታል። ካልተገኘ ለጎረቤቱ ይደወላል፤ እሱም ካልሆነ በማግስቱ ቅርብ ያለ አባል ማስክ አድርጎ በር ላይ ይጠይቃል። ለዚህ ነው መዝገቡ ላይ ሁለተኛ ስልክ የሚያስፈልገው። ውጭ አገር ያለ ልጅ ስልክ አይጠቅማችሁም፤ የጎረቤት ወይም የሰፈር ባለሱቅ ቁጥር ያዙ። ለ8 ሰው 5፣ 5 ደቂቃ ቢወራ በሳምንት 80 ደቂቃ ነው፤ የካርዱን ወጪ ማኅበሩ ካልቻለ ሥራው በሁለተኛው ወር ይቆማል።

ነርስ፦
በተኩስና በመድፍ የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭን ድምፅን ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ ይጠፉበታል። መጮኽ ድምፁን ከማበላሸት በቀር አይረዳም። ወፈር አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። “ስድሳ” እና “ሰባ” ስለሚምታቱ ቁጥርን በነጠላ አሃዝ ተናግራችሁ አስደግሙ፤ በወታደራዊ ሬዲዮ ላይ የለመዱት ነው። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው ግራ ጆሮው ስለሆነ ስልኩን ወደ ቀኝ እንዲያዞሩ ጠይቁ።

ደግሞ “ደኅና ነዎት?” ብሎ ነገር አይሠራም። መልሱ ሁልጊዜ “እግዚአብሔር ይመስገን” ወይም “አልሐምዱሊላህ” ነው። “የግፊት መድኃኒትዎ ስንት ቀን ይበቃዎታል? ትናንት ማታ ምን በሉ?” በሉ። መድኃኒቱ ከ7 ቀን በታች ከቀረው ለተረኛው ይነገር። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ለዚህ ጊዜ ኮሮና ወደተመደቡት ስልኮች፣ 8335 ወይም 952፣ ይደወል። ደዋዩ ወጣት ከሆነ በማዕረጋቸው ይጥራቸው፤ “ሃምሳ አለቃ” የተባለ ሰው “አባባ” ከተባለው በላይ ያወራል።

ዕድር ዳኛ፦
መርዶ በዚህ መስመር አይለፍ! በኤስኤምኤስም በቴሌግራምም። መጀመሪያ የሟችን ቤተሰብ አስፈቅዱ፤ ከዚያ ጓድ መሪው አባሉ ቤት ላለ ሌላ ሰው ይንገር፣ እሱ ደግሞ አመቺውን ሰዓት አይቶ ያርዳ። ብቻውን ለሚኖር ሰው ጎረቤት ሳይመጣ አይነገርም።

ከዋሽንግተን፦
እዚህ ለጸሎት የምንጠቀምበትን የኮንፈረንስ ቁጥር ከአዲስ አበባ እንዲደውሉበት አታድርጉ፤ በየደቂቃው የውጭ ጥሪ ይቆረጥባቸዋል። ባለቁልፍ ስልክም ቢሆን መስመሩ ከፈቀደ ጥሪ ያገናኛል፦ አንዱን ደውሎ ማቆየት፣ ሌላውን መደወል፣ ማገናኘት። ከደዋዩ ሌላ እስከ 5 ሰው ይገባል፤ የሁሉም ሂሳብ በደዋዩ ላይ ነው። መጀመሪያ በ2 ሰው ሞክሩት። አንድ ቤት ቴሌቪዥን ከተከፈተ ማንም አይሰማም።

ጸሐፊው፦
14ቱን ጓድ መሪዎች ዛሬ እንመድባለን፤ የመጀመሪያውን ጥሪ ለሚያዝያ 27 እናደርሳለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ “ከማኅበሩ ነው፣ እርዳታ መጥቷል፣ የባንክ ቁጥርዎን ይንገሩኝ” እያለ የሚደውል ሰው አለ።

የመገናኛ ሰው፦
የይለፍ ቃል ስጧቸው፤ ወታደር ስለነበሩ ይህን የሚያስረዳቸው አያስፈልግም። ቃሉን ጓድ መሪው በቃል ይንገር፣ በየወሩ ይቀየር፣ ቴሌግራም ላይ አይጻፍ። አባሉ ይጠይቃል፣ ደዋዩ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ስልኩ ይዘጋል። ማኅበሩም የባንክ ቁጥር በስልክ ከቶ እንደማይጠይቅ በመጀመሪያው ጥሪ ይነገራቸው።