ክርክር፦ አክሲዮን ከዋጋው በታች ገዝቶ መቀመጥ አዲስ አበባ ላይ ይሰራል?

አድሚን፦ የዛሬው ጥያቄ ቫልዩ ኢንቨስቲንግ ነው፣ ድርጅቱ በእውነት ከሚያወጣው በታች ገዝቶ ዓመታት መጠበቅ ማለት ነው። እኛ ጋ ይሰራል ወይስ የአሜሪካ ጨዋታ ነው? ስድብ አይፈቀድም።

ሰንጋ ተራ፦ ይሰራል እንጂ! ሰንጋ ተራ ቆማችሁ ቀና በሉ፣ ያ ሁሉ የግል ባንክ ፎቅ የባለአክሲዮኑ ነው፣ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የተያዘው ግን በተሰራበት ዘመን ዋጋ ነው፣ ብረትና ሲሚንቶ ዛሬ የት እንደደረሰ እያያችሁ። በድሮ ዋጋ የሚሸጥልህ ካገኘህ ምን ትጠብቃለህ

ሂሳብ ሹሟ፦ ፎቁን ልንበላው ነው? 😄 ዋና መስሪያ ቤቱን ሸጦ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) የሚከፍልህ ባንክ የለም ወንድሜ። ትርፉን እይ። ትርፉም ላይ ሰው ይሸወዳል፣ ፐርሰንቱ የሚሰላው ከፓር ቫልዩው፣ አክሲዮኑ ላይ ከተጻፈው የመነሻ ዋጋ ነዋ። የ1,000 ብር አክሲዮን 250 ካተረፈ 25 ፐርሰንት ይሉሃል፣ ከሰው በ2,000 ከገዛኸው ግን ያንተ 12.5 ብቻ ናት፣ እሷም ሙሉዋን እጅህ አትገባም፣ ከተጣራ ትርፉ ሩቡ መጀመሪያ ለህጋዊ መጠባበቂያ ይቀነሳል።

ዮኒ ካዛንቺስ፦ ሂሳብ ሹሟ ልክ ነች። ሌላም አለ፣ ብሔራዊ ባንክ እስከ ሰኔ 2018 ካፒታላችሁን 5 ቢሊዮን ብር አድርሱ ስላለ ባንኮቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ከረሙ፣ ትርፉ እኩል ካላደገ ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው ይሳሳል። በዛ ላይ ታህሳስ 2017 ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ብቻ አይቶ ርካሽ ነው ማለት እንዴት ይሆናል

ሰንጋ ተራ፦ እሱማ ማርጅን ኦፍ ሴፍቲ የሚባለው ለዚህ አይደል? 1,000 ያወጣል ያልኩትን በ600 ካገኘሁ ግምቴ ቢሳሳትም አልሞትም

ጋሽ ቡና፦ ልጆች፣ ህዝቡ ሳይማርም ያውቅበታል። ቴሌ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የድርጅቱን አስር ፐርሰንት፣ አንዱን በ300 ብር አቀረበ፣ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተተመነ ማለት ነው፣ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ውድ ነው ብሎ ተወው።

ሂሳብ ሹሟ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማን አስልቶ ተወ? ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር፣ ስንት ደሞዝተኛ ነው ይሄን አውጥቶ የሚረሳው።

ዮኒ ካዛንቺስ፦ ዋናው ችግር መውጫው ነው። አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ተከፈተ፣ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ገባ፣ የአብዛኛው ባንክ አክሲዮን ግን ገበያው ላይ የለም፣ ለመሸጥ ራስህ ገዢ ፈልገህ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ይዘኸው ትሄዳለህ። ገበያው ዋጋውን እስኪያርመው ጠብቅ ይሉሃል፣ የቱ ገበያ? ስትጠብቅ ደግሞ ብሩ ራሱ ይረክሳል፣ 2016 መጨረሻ ላይ በ57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ 120 አልፏል እኮ።

ሰንጋ ተራ፦ ገበያ ስለሌለማ ነው በ600 የማገኘው! ልጁን ውጭ ሊልክ የቸኮለ ሰው በርካሽ ይሸጥልኛል

ሂሳብ ሹሟ፦ አንተ የቸኮልክ ቀንስ?