ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደው መጀመሪያ አርሰናል ነው ወይስ ፕሪስተን?

መድፈኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር አመሸን። እኔ በእንግሊዝ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን የ2003/04ቱ አርሰናል ነው አልኩ። እሱ ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ በ1888/89 ቀድሞታል ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው? ከሆነስ 22 ጨዋታ ብቻ የነበረው ሊግ ከዛሬው ጋር ይወዳደራል?

የድሮ ኳስ፦
ጓደኛህ ልክ ነው ወንድሜ። ፕሪስተን 18 አሸንፎ 4 አቻ ወጣ። 74 አገባ፣ የተቆጠረበት 15 ነው። ሁለተኛውን አስቶን ቪላን በ11 ነጥብ ነው የበለጠው፣ ያውም ያሸነፈ 2 ነጥብ ብቻ በሚያገኝበት ዘመን። ከሊጉ የተለየውን የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ የኤፍኤ ዋንጫውንም አንድ ግብ ሳይገባበት ወሰደ፤ ፍጻሜው ላይ ዎልቭስን 3 ለ 0።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሊጉ ሴፕቴምበር 8 ሲጀመር ነጥብ እንዴት እንደሚያዝ ገና አልተወሰነም ነበር! የተስማሙት ኖቬምበር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አቻ ስንት እንደሚያወጣ ማንም ሳያውቅ ነው የሚጫወቱት። እና ጨዋታው 22 ስለሆነ ብቻ ባታሳንሰው ደስ ይለኛል፤ 12 ክለብ በደርሶ መልስ ሲገናኝ 22 ነው የሚመጣው።

ቅብብል፦
ሜዳውንም አስቡት እስቲ። መረብ የለም፣ ፍፁም ቅጣት ምትም የለም፤ ሁለቱም የመጡት በ1891 ነው። ኳሷ በቋሚው አጠገብ ሽው ብላ ታልፋለች። ገብታለች? አጥቂዎቹ እጃቸውን አንስተው ይጮኻሉ። ሜዳ ውስጥ ከየቡድኑ የተመደበ አንድ አንድ አጫዋች፣ ማለትም ረዳት ፈራጅ፣ አለ፤ እነሱ ካልተስማሙ ከመስመር ውጪ የቆመው ዳኛ ይወስናል። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ አለመሸነፍ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይነገር። ፕሪስተን ከሌሎቹ ቀድሞ ገንዘብ አውጥቷል። መሪው ዊሊያም ሱደል የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ኳስ በመቀባበል የተካኑ ስኮትላንዳውያንን እየከፈለ አመጣ። ክፍያ ገና ሳይፈቀድ በ1884 ከኤፍኤ ዋንጫ የተባረሩትም በዚሁ ነው። በዓመቱ በ1885 ተፈቀደ። ሊጉ ራሱ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ደመወዝ በየሳምንቱ ይወጣል፣ የወዳጅነት ጨዋታ ግን ክለቦቹ ሲያሻቸው ይሰርዙታል፣ ስለዚህ የአስቶን ቪላው ኃላፊ ማክግሪጎር ቋሚ ፕሮግራም እንያዝ ብሎ ለክለቦች ጻፈ። ሱደል በ1895 የፋብሪካውን ገንዘብ በማጉደል ታሰረ። ያም ሆኖ የፕሪስተን አጥቂዎች ጎዳልና ጂሚ ሮስ ያገቡትን ግብ ማንም አይሰርዘውም።

መድፈኛው፦
እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። በዚያ ቡድን አፍሪካዊ በረኛ ነበር የሚባለውስ?

የድሮ ኳስ፦
አርተር ዋርተን ነው፣ አክራ የተወለደው። ግን ለዚያ ዓመት አልደረሰም። ለፕሪስተን የተሰለፈው በ1886/87 ነው፤ በኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰዋል። ከዚያ ሩጫው ላይ አተኮረ፤ በ1886 100 ያርድ በ10 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው። በ1889 ለሮዘራም ታውን በደመወዝ ፈርሞ ተመለሰ። በ1930 ሲሞት መቃብሩ ላይ ስሙ እንኳን አልተጻፈም ነበር። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው።