ክንድ የሰበረ ምት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556(1) ተመዘገበ፤ ለማን እናመልክት?

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ሂርማታ መርካቶ በጭነት ማውረድ የሚተዳደር የአክስቴ ልጅ በአካፋ እጀታ ተመቶ የግራ ክንዱ አጥንት ተሰብሯል። የሕክምና ማስረጃው ስብራቱን በግልጽ ይናገራል፣ ሁለት የዓይን ምስክሮች ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ እጀታውም በኤግዚቢትነት ተይዟል።

መርማሪው ግን መዝገቡን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556(1) ከፈተው። ይህ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። «በሽማግሌ ጨርሱት» የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ተበዳዩ አቤቱታውን ከተወ ፋይሉ ይዘጋል። እርቅን አልጠላም፤ ግን በክንዱ የሚበላ ሰው በአነስተኛው አንቀጽ ተመዝኖ መታረቅ የለበትም። ጉዳት ማድረስ የሚችል መሣሪያ ጥቅም ላይ ከዋለ 556(2) አለ፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት። ክንዱ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ደግሞ 555 ይመጣል፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ሐኪሙ ጄሶው ሳይፈታ ስለ ዘላቂ ጉዳት አልጽፍም ብሏል።

ተጠርጣሪው በጣቢያ ዋስ ወጥቷል፤ በ556 ይህ የፖሊስ ሥልጣን ስለሆነ አልከራከርበትም። አንቀጹ ይታይልን ብለን በቃል ስንጠይቅ «የክሱን አንቀጽ የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው» ተባልን። ልክ ነው፤ ችግሩ ፋይሉ እዚያ ሳይደርስ ሊዘጋ መሆኑ ነው።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ ዐቃቤ ሕግ ለፖሊስ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ታዲያ ምርመራው ሳያልቅ የሕክምና ማስረጃውን አያይዘን በጽሑፍ ብናመለክት መዝገቡን ያስቀርባል፣ ወይስ መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ ማቅረብ የግድ ነው?