ትዳር ለሚፈልግ ሰው የትኛው ከተማ ይሻላል፦ ዲሲ፣ ሲያትል፣ ዳላስ ወይስ ቬጋስ?

ሰሜን ኮከብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 33 ዓመቴ ነው፤ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሥራ ቀይሬ ወደ ዲሲ አካባቢ፣ ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ መሄድ እችላለሁ። ደመወዙ ስለሚቀራረብ የምወስነው በአንድ ነገር ነው፤ ትዳር መያዝ እፈልጋለሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በቁርባን ማግባት ነው ሐሳቤ። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ዜግነት ገና አልወሰድኩም።

ሐበሻ በብዛት ያለበት ከተማ የግድ የተሻለ ዕድል ይሰጣል? የሥራ ሰዓት ምን ያህል ይወስነዋል? ከአዲስ አበባ ማግባትስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ከተማዎቹን በቅርብ የምታውቁ በዝርዝር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

---

የፌርፋክስ ሰው

እህቴ፣ ብዛቱ አያታልልሽ። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የሐበሻ መኖሪያ ዲሲና አካባቢው መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ያ ሁሉ ሰው አንድ ሰፈር አይደለም ያለው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ዉድብሪጅ፣ ጀርመንታውን ተበትኗል። ጀርመንታውን የምትኖር ሴትና ዉድብሪጅ የሚኖር ወንድ ሁለቱም «ዲሲ ነኝ» ይላሉ። በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ 495 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን አቋርጠው ለመገናኘት ግን የምሽቱ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። በዚህ ምክንያት ሳይጣሉ የሚበርዱ ግንኙነቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከመምጣትሽ በፊት ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ ከሚለየው ከፖቶማክ ወንዝ የትኛው ወገን እንደምትሆኚ ወስኚ። ሥራሽ፣ ቤትሽና የምትሳለሚው ቤተ ክርስቲያን ሦስቱም በአንድ በኩል ይሁኑ።

ሌላው የዚህ አካባቢ ችግር ምርጫ መብዛቱ ነው። በየሳምንቱ ሠርግ፣ ልደት፣ ክርስትና፣ ኮንሰርት አለ፤ በየቦታው አዲስ ሰው ይታያል። አዲስ ሰው በታየ ቁጥር ደግሞ የቁርጥ ቃል መናገሩ ለነገ ይተላለፋል። ሬስቶራንትና የሙዚቃ ምሽት ላይ ስልክ መለዋወጥ ቀላል ነው፤ ከሁለት ሳምንት የጽሑፍ መልእክት በላይ የሚዘልቀው ግን ጥቂቱ ነው። ምክንያቱም ሁለቱን ዳግመኛ የሚያገናኛቸው የጋራ ጉዳይ የለም።

ትዳር የሚወጣው ያንኑ ሰው ደጋግሞ ከማየት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የመዘምራን ልምምድ፣ በየወሩ የሚጠጣ የጽዋ ማኅበር፣ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የማስተማር አገልግሎት፣ የዕድር ኮሚቴ። ከእነዚህ ሁለቱን ያዢና ቢያንስ ስድስት ወር አትቅሪ። እዚያ ሰውን በንግግሩ ሳይሆን በሥራው ታዪዋለሽ። ከቅዳሴ በኋላ ምግቡ ሲያበቃ ወንበር የሚያጥፈው፣ ድስት የሚያጥበው፣ መዋጮ ሰብስቦ ሒሳቡን በሰዓቱ የሚያስረክበው ማን እንደሆነ ይታያል። «ሥራ አለብኝ» ብሎ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣውም እንዲሁ ይታያል።

የዲሲ አካባቢ ትልቁ ጥቅሙ ማጣራት ማስቻሉ ነው። አዲስ አበባ የትኛው ሰፈር እንዳደገ፣ የት እንደተማረ፣ ወደዚህ በማን በኩል እንደመጣ ከጠየቅሽ ሦስት ሰው ሳይሞላ የሚያውቀው ይገኛል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ መፈለጊያ ገጽም ለማንም ክፍት ነው፤ የፍቺ መዝገብ በስም ሲፈለግ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፊደሉ ነው። የኛ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ የአባትና የአያት ስምም ቦታ ይቀያየራል። ሁሉንም ሳትሞክሪ «የለም» ብለሽ አትደምድሚ።

---

ሲያትል ደቡብ

ስለ ሦስቱ ሌሎች ከተሞች ልጨምር።

ሲያትል ውስጥ ወንዱ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ቆይቶ የኖረው ነው፤ በታክሲ፣ በኤርፖርት፣ በፓርኪንግና በራሱ ንግድ የሚሠራ፣ አብዛኛውም ባለትዳር። ሁለተኛው በቴክኖሎጂ ሥራ በቅርብ የመጣው ነው። የመጀመሪያው ድሮ ሴንትራል ዲስትሪክትና ሬይኒየር ቫሊ ነበር፤ ኪራዩ ሲንር ወደ ሬንተን፣ ተክዊላና ኬንት ወርዷል። ሁለተኛው ቤልቪውና ሬድመንድ ነው፤ ወደ ሐበሻ ሰፈር የሚመጣው እንጀራ ሊገዛ ወይ በዓል ሲሆን ነው። ሁለቱ በብዛት የሚገናኙት ቤተ ክርስቲያን ነው። ማኅበረሰቡ ከዲሲ ስለሚያንስ ሁሉም ይተዋወቃል። ይህ ለቁም ነገረኛ ሰው ጥሩ ነው፤ ያልተሳካ ትውውቅ ግን ወሬው ቶሎ ይዛመታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በሁለት ሰው መካከል ይቆይ፤ ቤተሰብ የሚሰማው ነገሩ ሲረጋ ነው።

ዳላስ ላይ የብዙ ሰው ግምት ይሳሳታል። ጋርላንድና አካባቢው ሐበሻ ብዙ ነው፣ ቤት ከሲያትልና ከዲሲ ይረክሳል፣ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ግን ቤቱ ርካሽ የሆነበት ከተማ የሚስበው በአብዛኛው አግብቶ ልጅ የወለደውን ነው። ላጤው ኪራይ በተወደደበት ከተማ ሁለትና ሦስት ሆኖ ተጋርቶ ይኖራል፤ ሲያገባ ነው ወደ ቴክሳስ የሚጓዘው። ዳላስ ለተጋቡ ቤት መሥሪያ ነው እንጂ መተጫጫ አይመስለኝም። ብዙ የጭነት መኪና ሾፌሮችም አሉ። ረጅም መስመር የሚነዳ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል፤ መጀመሪያውኑ «የአካባቢ መስመር ነው ወይስ ስቴት የሚያቋርጥ?» ብለሽ ጠይቂው።

ቬጋስ የሰዓት ከተማ ነው። ካዚኖና ታክሲ 24 ሰዓት ይሠራሉ፤ አዲስ የተቀጠረ ሰው ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት የሚያገኘው ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። እሱ ማክሰኞና ረቡዕ ያርፋል፣ አንቺ እሑድ ታርፊያለሽ፤ በወር ስንት ቀን ትገናኛላችሁ? አንድ ነገር ግን ይረዳሻል። ነርስ በሳምንት 12፣ 12 ሰዓት ሦስት ቀን ስለምትሠራ ቀሪው አራት ቀን ከእሱ ዕረፍት ጋር ሊገጥም ይችላል።

የትም ብትሄጂ የሥራ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት «ስንተኛው ቅዳሜና እሑድ የእኔ ነው?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ አስቀምጪ። በየሦስተኛው ሳምንት መሥራትና በየሁለተኛው ሳምንት መሥራት ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የቅዳሜ ሌሊት ሽፍት ደግሞ የእሑዱን ቅዳሴም ይወስደዋል።

---

ወረቀት ነክ

በወረቀት ምክንያት የሚፈርሰው ትውውቅ በጠብ ከሚፈርሰው አያንስም፤ ስለዚህ ነገሩ ጠንከር ሲል በግልጽ ተጠያየቁ።

እዚህ ያለ ሰው ከሆነ «ፋይልህ በማን ነው?» (የመኖሪያ ማመልከቻህን ያስገባልህ ማን ነው?) በይው። የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ አባቱ ወይም እናቱ ሞልተውለት የሚጠብቅ ላጤ፣ ዕድሜው ከ21 በታችም ሆነ በላይ፣ ቢያገባ ፋይሉ ይሰረዛል። ወላጁ ዜጋ ከሆነ አይሰረዝም፤ ግን ወደ ባለትዳር ልጆች ምድብ ተዛውሮ ወረፋው ይረዝማል። «ትንሽ እንቆይ» እያለ ዓመት የሚያስቆጥር ሰው ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ በግልጽ ከነገረሽ ማስላት ይቻላል። በሕጋዊ ቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ሰው ከሆነ ደግሞ፣ አጥፊነቱ የሚታለፍለት ባለቤቱ ዜጋ ስትሆን ነው። በግሪን ካርድሽ ብታስገቢለት እዚሁ ሆኖ መቀየሩ ይከብደዋል። ዜግነትሽን ቶሎ ጨርሺ።

ከአዲስ አበባ ከሆነ የእጮኛ ቪዛ (ኬ-1) ለአንቺ ገና አይሠራም፤ የሚያመለክተው ዜጋ ብቻ ነው። በግሪን ካርድ የምታስገቢው ተጋብታችሁ ነው፤ ዜጋ ስትሆኚ ፋይሉ ወደ ቅርብ ቤተሰብ ምድብ ከፍ ይላል። ለኬ-1 ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘት ግዴታ ነው፤ ከገባም በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ጋብቻው መፈጸም አለበት።

የኛ ሰው ኬ-1 ላይ የሚወድቀው በሥነ ሥርዓቱ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቀለበት ሲታሰር ድንኳን ተጥሎ፣ ቬሎ ተለብሶ፣ ኬክ ተቆርጦ፣ 200 ሰው ተጠርቶ ፎቶ ይነሣል። ቆንስሉ ያንን ፎቶ ሲያይ «እናንተማ ተጋብታችኋል» ብሎ የእጮኛውን ቪዛ ይከለክላል። እጮኛ ከሆናችሁ ሥነ ሥርዓቱም የእጮኛ ይምሰል። ከተጋባችሁ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ ጋብቻው በሲቪል ምዝገባ ተመዝግቦ ሰርተፍኬቱ መውጣት አለበት። ውጭ የምትኖሪ ስለሆንሽ ያላገባሽ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚቀበሉ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቤተሰብ ሄዶ ይጠይቅልሽ።

የገቢ ዋስትናውን ቅጽ (አይ-864) ሳታነቢ አትፈርሚ። ገቢሽ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ለነርስ ይህ አይከብድም። የሚከብደው ግዴታው በፍቺ አለማብቃቱ ነው። ያስመጣሽው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ገደማ) የሥራ ክሬዲት እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላል። ሲገባ ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው ግሪን ካርዱ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሁለት ዓመቱን ገደብ የሚያስነሳውን ቅጽ (አይ-751) አብራችሁ ታስገባላችሁ። የጋራ የባንክ ደብተር፣ የኪራይ ውልና የግብር ወረቀት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ፎልደር ይቀመጥ።

የቪዛ አሠራር በየጊዜው ይቀየራል፤ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ተመልከቱ።

---

ሰሜን ኮከብ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ዲሲ፣ ሜሪላንድ በኩል፣ እያደላሁ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጁላይ መጀመሪያ የሚደረገው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የኳስ በዓል ለመተዋወቅ ይረባል? ሠርግንም በዚያው ሰሞን ማድረግ ይቻላል? ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ነው።

---

የሰንበት ተማሪ

በዓሉ ከ1984 ጀምሮ አለ፤ ከተማ እየቀያየረ ነው የሚካሄደው። ለትውውቅ ጥሩ ነው፤ ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ይሄዳል። ከተዋወቅሽው ሰው ጋር እዚያው ሳለሽ ቀጣዩን ቀን ቁረጪ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንዳችሁ ቲኬት ካልቆረጣችሁ የስልክ ወዳጅነት ሆኖ ይቀራል።

ሠርግ ግን በዚያ ሳምንት አይሆንም። ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ስለሚዘልቅ የጁላይ መጀመሪያ ሁልጊዜ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ 1 ባለው ጊዜ ይቻላል፤ ከዚያ ፍልሰታ ይገባል። የፈረንጆቹ ገናም ኅዳር 15 በሚጀምረው ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ሰው ዕረፍት ስላለው አዳራሹን ለዲሴምበር መጨረሻ ይይዝና ካህኑን በኋላ ይጠይቃል፤ ቅድሚያ ክፍያው የሚቀልጠው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ የንስሐ አባት፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ አዳራሽ። የዝምድና ቆጠራውንም ቀደም ብላችሁ ከሁለቱም ወገን አዛውንቶች አስቆጥሩ፤ ቀለበት ከታሰረ በኋላ ዝምድና ቢገኝ ለሁለቱም ቤት ከባድ ነው።

ሜሪላንድ ከሆንሽ ይህን ያዢ። የጋብቻ ላይሰንሱ የሚሠራው በተሰጠበት ካውንቲ ውስጥ ብቻ ነው። ከሞንትጎመሪ ካውንቲ አውጥተሽ ሥርዓቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ባለ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አይሆንም። ከወጣ በኋላ የ48 ሰዓት ጥበቃ አለው፤ ስድስት ወር ይቆያል። ቨርጂኒያ ጥበቃ የለውም፣ 60 ቀን ያገለግላል፣ ስቴቱ ውስጥ የትም ይሠራል፤ ግን ካህኑ ከቨርጂኒያ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የማጋባት ፈቃድ ያወጡ መሆን አለባቸው። የሜሪላንድ ካህን ድልድዩን ተሻግረው እንዲያጋቧችሁ ከፈለጋችሁ ፈቃዱ አስቀድሞ ይለቅ። ዲሲም የሚያጋባውን ሰው ይመዘግባል። የፈረሙትን ላይሰንስ ለፍርድ ቤቱ የሚመልሱት ካህኑ ናቸው። ከሠርግ ማግስት ሁሉም ሰው ደክሞ ስለሚረሳ፣ አንድ ሚዜ ወረቀቱ መመለሱን እንዲከታተል በስሙ መድቡት።