አሰልጣኝ ከዳኛ ጋር መከራከር ይገባዋል ወይስ ዝም ማለት?

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ፣ የታዳጊዎች አሰልጣኝ
በኮንዶሚኒየማችን ሜዳ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን በበጎ ፈቃድ ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ባለፈው እሑድ አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ተጋጣሚያችን በሩቡ አምስተኛውን የቡድን ፋውል (የተጫዋቾቹ ጥፋት በአንድ ላይ ተቆጥሮ) ሠራብን፤ ዳኛው ግን ሁለት ነጻ ውርወራ መስጠት ሲገባቸው ኳሱን ከጎን እንድናስገባ አዘዙ። እየጮኽኩ ሜዳ ውስጥ በመግባቴ ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ምግባር ቅጣት) ተሰጠብኝ፤ በእሱ በተወረወረችው አንድ ኳስም ተሸነፍን። ወላጆች «ለልጆቹ ተሟገትክላቸው» ብለው ቢያመሰግኑኝም ነገሩ ከነከነኝ። ከእንግዲህ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቱሉ ዲምቱ፣ ዳኛ
በቅድሚያ ፋውሉ ሲሠራ ኳሱ በማን እጅ እንደነበር ያስታውሱ። ኳሱን የያዘው ቡድን ራሱ ፋውል ከሠራ፣ አምስተኛም ቢሆን ነጻ ውርወራ አይሰጥም። ኳሱ የእናንተ ከነበረ ግን እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ፣ ሳይሰጥ የቀረ ነጻ ውርወራ ሊታረም የሚችል ስሕተት ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ስለሆነ ዝምታም ይጎዳል። ኳሱ ቆሞ ሰዓቱም ሲቆም አምበሉ በትሕትና ይጠይቅ። አንዲት አምበል እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ «ዳኛ፣ የቡድን ፋውላቸው ስንት ደረሰ?» ብላኝ ወደ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ሄድኩ፤ በመዝገቡ ላይ የሩቡ አራቱም የቡድን ፋውል ሳጥኖች መሰረዛቸውን በዓይኔ አይቼ ውሳኔዬን አረምኩ።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ የቀድሞ አሰልጣኝ
በዳኛው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ታላቅን መጠየቅ እንደ ድፍረት እየተቆጠረበት ያደገ የ15 ዓመት ልጅ ዳኛ ፊት ቆሞ ይናገራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ቅብብል በልምምድ ላይ ያስተምሩት። እርስዎም ኳስና ሰዓት ሲቆሙ የፋውል ቁጥሩን ከጠረጴዛው መጠየቅ ይችላሉ፤ ረዳትዎ ግን ዳኞችን ማነጋገር አይፈቀድለትም። «ገፋው፣ አልገፋውም» በሚለው የዓይን ፍርድ ላይ ግን ፈጽሞ አይከራከሩ። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ አሰልጣኝ ውሳኔ እንዲያስመረምር የፈቀደው በቪዲዮ ማየት ስለሚቻል ነው፤ በእኛ የሲሚንቶ ሜዳ ካሜራ የለም። በራስዎ ጠባይ ሁለተኛ ቴክኒካል ቢጨመርብዎ ደግሞ ከጨዋታው ይባረራሉ፤ ልጆቹም ያለ አሰልጣኝ ይቀራሉ።

መልስ፦ ከአያት፣ የተጫዋች እናት
አሰልጣኝ፣ ወላጆች ስላመሰገኑዎ ልብዎ አይሞቅ። ልጄ አሰልጣኟ ዳኛ ላይ በጮኸ ማግስት እሷም በልምምድ ላይ ጓደኛዋን እንደዚያው ስትጮኽባት ሰምቻለሁ።

የጠያቂው ምላሽ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኳሱ በእኛ እጅ ነበር። ቢሆንም ዳኛውን አግኝቼ ስለ ጩኸቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የፋውሉንም ጉዳይ በእርጋታ አነሣላቸዋለሁ። ጠረጴዛችን ላይ የቡድን ፋውል መሙላቱን የሚያሳይ ምልክት ስለሌለ፣ ከቀጣዩ ጨዋታ በፊት ከካርቶን ሁለት ቀይ ምልክቶች ቆርጬ አመጣለሁ።